ሁሉም ድምፁን ይስቀል

ነገሩ የሆነው ደመና ከተራራው አናት ወርዶ በማያውቅበት አንድ አገር ነው። የአገሩን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ "እዚያማ ዘመድ አለኝ" የሚል አይጠፋም፣ ነገርም ይመጣል። በዚያ አገር ሰው ድምፁን በቅል ያኖር ነበር። ቅሉ ይደርቃል፣ ፍሬው ይራገፋል፣ ውስጡ ይፋቃል፤ ባለቤቱ አፉን አስጠግቶ ይናገራል ወይም ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ቅሉ በሰም ይደፈናል። ሰሙ ሲነሳ ድምፁ ይወጣል፣ ሰሙ ሲመለስ ይተኛል። እንዴት ሆኖ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ድሮ ድሮ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅሎች ነበሩት። የሠርግ ዘፈን፣ የልጅ የመጀመሪያ ቃል፣ የሟች ምርቃት፣ ለማስረጃ ተብሎም የጎረቤት ስድብ ሳይቀር ይቀመጥ ነበር። ታዲያ ቅል ቅል ነው፤ ፍየል ይረግጠዋል፣ ቤት ሲቃጠልም አብሮ ይነዳል። ይህን ያየው ቤተ መንግሥት ለሕዝቡ አዘነ። ሲያዝንም በተራራው አናት ላይ ደመና ቤት የሚባል ትልቅ አዳራሽ አሠራና በየመንደሩ አዋጅ ነጋሪ ላከ። አዋጁ አጭር ነበር፦ "ቤት ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላል፣ ልጅ ይሰብራል፤ ስለዚህ ሁሉም ድምፁን ይስቀል!"

ጋሽ ቢተው የሚባሉ ጆሮ የከዳቸው ሽማግሌ "ይስቀል" የተባለውን "ይሰቀል" ብለው ሰምተው ሦስት ቀን ጫካ ተደበቁ። ሌላው ሰው ግን ገባው። ተራራ ላይ የሚወጣ ነገር ይሰቀላል እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሕዝቡ ቅሉን በአህያ ጭኖ ወጣ፣ አስረከበ፣ ቀይ ምልክት አስቀባ፣ ደስ ብሎት ወረደ። ሰላምታው እንኳ ተለወጠ፤ "እንደምን አደርክ" ቀረና "ሰቀልክ ወይ?" ሆነ።

ደንቡ የመጣው ኋላ ነው። የራስን ድምፅ ለማድመጥ ተራራውን ወጥቶ፣ በር ላይ ለቆመው አጋፋሪ የይለፍ ቃል መናገር ግድ ሆነ። የይለፍ ቃሉ አንድ ቁጥር፣ አንድ የእንስሳ ስምና አንድ የእንስሳ ጩኸት ሊኖረው ይገባል፤ ጩኸቱ የዚያው እንስሳ ከሆነ ግን "ደካማ ነው" ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የተከበሩ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው "ሰባት ጅብ ሚያው" ሲሉ መስማት የተለመደ ነበር። ከዚያ የውል ጥቅልል ይነበባል። ጥቅልሉ ቢዘረጋ ከበሩ እስከ ምንጩ ይደርሳል፤ እስከ መጨረሻው ያስነበበ ሰው ስለሌለ ሁሉም በመጀመሪያው መስመር ላይ "ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ" እያለ ይገባል። ውስጥም ቅሉ ከመከፈቱ በፊት የአንድ ቅቤ ነጋዴ አዝማሪ ቆሞ ስለ ቅቤው ይዘፍናል። አምስት ከተቆጠረ በኋላ "ይበቃኛል" ማለት ይቻላል፤ ከአምስት በፊት ያለ ግን ከመጀመሪያው ይደገምበታል።

ከደንቦቹ ሁሉ ጥብቁ ግን ይህ ነበር፦ የንጉሥ አዋጅ ባለበት ቅል ውስጥ የገባ ድምፅ ሁሉ አዋጅ ነው። አንድ ጊዜ ጉንፋን የያዘው አዋጅ ነጋሪ ስለ ድልድይ ሲያውጅ መሐል ላይ አስነጠሰው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ድልድይ የሚሻገር ሁሉ መሐሉ ላይ ሲደርስ ያስነጥሳል። ያልመጣለት በርበሬ ያሸታል።

በተራራው ግርጌ እማዋይሽ የምትባል ቅል ተካይ ከባሏ ከዳምጤ ጋር ትኖር ነበር። አዋጁ በመንደሯ የተነገረ ዕለት አንድ ጠማማ ቅል ፍቃ፣ እንዲነፍስበት አፉን ከፍታ ደጅ አኑራው ነበርና አዋጁ ሰተት ብሎ ገባበት። ቅሉ ጠማማ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም፤ በሰም ድፍን አደረገችና ማእድ ቤት፣ ከጨው ቅሉ አጠገብ ሰቀለችው። ከዚያም ረሳችው።

ዳምጤ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ጣጣ ብቻ ነበረበት። በየማለዳው ባርኔጣውን ይፈልጋል። ባርኔጣው ምሰሶው ላይ፣ ከራሱ በላይ ባለው ሚስማር ተሰቅሎ እያለ እሱ አልጋ ሥር ይገባል፣ የዶሮ ቆጥ ይፈትሻል። "አንቺ እማዋ፣ ባርኔጣዬን የት ነው ያስቀመጥሽው?" ይላል። "አላስቀመጥኩትም፤ ሰቅዬዋለሁ። ቀና በል" ትለዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንድ ማለዳ እማዋይሽ አዲስ ቅል ላይ አፏን አስጠግታ ልታንጎራጉር ስትል ያ ጥያቄ መጣና ቀድሟት ገባ። ብሽቅ አለች፤ መልሱን ሳትመልስ ሰሙን ለጠፈችበትና "ጉድህ ይሰማ!" ብላ ከሌሎቹ ቅሎች ጋር ወደ ተራራው ሰቀለችው። በዓመቱ ዳምጤ ሞተ። ከድምፁ ሁሉ የቀረው፣ ያቺ የባርኔጣ ጥያቄ ብቻ ሆነች።

ከቀብሩ ወዲህ ወደ ደመና ቤት አልወጣችም። ሆዷ አልቻለም። እዚያ እንዳለ ማወቄ ይበቃኛል ትል ነበር። አንድ ቀን ግን መልእክተኛ በየደጁ ጮኸ፦ "ደመና ቤት ሞልቷል! ዓመት ሙሉ ያልተደመጠ ቅል በሐምሌ መባቻ ይታጠባል!" ሐምሌ ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እማዋይሽ በማግስቱ ተራራውን ወጣች።

"የይለፍ ቃል?" አላት አጋፋሪው።

"አራት ዝንጀሮ እምቧ።"

"እሱ ያለፈው ዓመት ነው። ተለውጧል።"

"ማን ለወጠው?"

"እርስዎ መለወጥ ነበረብዎ። ስላልለወጡ ተለወጠ። ለማረጋገጥ ያህል፣ የመጀመሪያ አህያዎ ስም ማን ነበር?"

"ኧረ እኔ አህያ ኖሮኝ አያውቅም!"

አጋፋሪው መዝገቡን ገለጠ። "ትክክል ነው፤ ይግቡ።"

በጥቅልሉ ተስማማች፣ ቅቤውን እስከ አምስት ታገሰች። ሰሙ ተነሳ። "አንቺ እማዋ፣ ባርኔጣዬን የት ነው ያስቀመጥሽው?" ዓይኗን በኩታዋ ጠረገችና የሰም ሹሙን ጠራችው።

"ጌታው፣ ይህን ቅል ልውሰደው።"

"የእርስዎ ነው፤ ግን አይወጣም።"

"የኔ ከሆነ ለምን አይወጣም?"

"የእርስዎ ባይሆን ኖሮ ለምን እንጠብቀው ነበር?" አለ ሹሙ፣ ነገሩ ግልጽ የሆነ ያህል ፈገግ ብሎ።

"እሺ፤ ዛሬ አድምጬዋለሁ። ከእጥበቱ ተርፏል ማለት ነው?"

"አድምጠውታል። የሰኔ አድማጮች መዝገብ ላይ የሚገቡት ግን በነሐሴ ነው። እጥበቱ ሐምሌ ነው። በነሐሴ ይምጡ፤ ቅሉ ባይኖርም ማድመጥዎ ይመዘገባል።"

እማዋይሽ ከሹም ጋር መጨቃጨቅ የማትወድ ሴት ናት። ወረደች፤ በማግስቱም ባዶ ቅል በኩታዋ ሥር ይዛ ተመለሰች። ባዶ ቅል ይዞ መግባትን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ ማን ባዶ ቅል ይዞ ተራራ ይወጣል ተብሎ። የቅቤው ዘፈን ሲያልቅ የዳምጤን ቅል ከፈተች፣ ባዶውን አፍ ለአፍ ገጠመችና ጥያቄው እስኪያልቅ ያዘችው። ከዚያ ሁለቱንም ደፈነች። ስትወጣ ፈታሹ ቀይ ምልክት ፈለገ፤ አጣ። ቅሉን ወዘወዘው፤ ምንም አልተሰማም። "ውሃ መጠጫዬ ነው" አለችው። "ባዶ ነው እኮ!" አላት። "ጠጥቼው ነዋ" አለችና ወረደች።

ሐምሌ ገባ፣ ቅሎቹም ታጠቡ። የዳምጤ ቅልም ታጠበ።

እማዋይሽ ግን ቅል አዋቂ ናትና በአንድ ቅል አልታመነችም። ከቅጂው ሌላ ሁለት ቀዳች፤ ሦስቱንም "መንታ" አለቻቸው፣ ሦስት መሆናቸው ግድ ሳይሰጣት። አንዱን ቤቷ፣ አንዱን ጋሽ ቢተው ዘንድ፣ ሦስተኛውን ወንዝ ማዶ ያለች የዳምጤ እህት አስካለች ዘንድ አደረገች። ቤቷ ውስጥም ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ በኩል፣ ከጣሪያው ማገር ላይ ጠፍር ዘረጋች። ቅል ሙቀት አይወድም፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከላይና ከታች ነፋስ መግቢያ ቀዳዳ አበጀች። ለዘፈን አንድ ቋጠሮ፣ ለምርቃት ሁለት፣ ለስድብ ሦስት ቋጠሮ አሰረች፤ የፈለገችውን ዓይኗን ጨፍና ታወርዳለች።

ይህን ያዩ ጋሽ ቢተው አላስቻላቸውም። "እማዋይሽ፣ እኔም የሠርጌ ዘፈን እዚያ ላይ አለኝ" አሏት። "ልሰማው ስወጣ ቅቤው ይቀድመኛል። ይበቃኛል ልል እቆጥራለሁ፤ ጆሮዬ አይሰማም፣ ከአምስት በፊት እላለሁ መሰለኝ፣ እንደገና ይጀምራል። ባለፈው ቅቤውን ስምንት ጊዜ ሰምቼ መሸብኝ።"

"ድምፅ ወተት አይደለም ጋሽ ቢተው፣ ሲቀዱት አይጎድልም። ባዶ ቅል ይያዙና ይውጡ" አለቻቸው።

ጋሽ ቢተው ወጥተው የሠርጋቸውን ዘፈን ይዘው ወረዱ። ከፊቱ የቅቤው ዘፈንም አብሮ ተቀድቶ ነበር፤ ግን በራሳቸው ቤት ስለሆነ እሱም ጣማቸው። ከእሳቸው ሌላው ሰማ፣ ከሌላው ሌላው። መንደሩ በሙሉ ባዶ ቅል በኩታው ሥር ይዞ ተራራውን ይመላለስ ጀመር። የደመና ቤት ሹማምንት "አድማጭ በዛልን!" ብለው እርስ በርስ ተሸላለሙ። የእማዋይሽ ማገርም ሞላ። ሰው ከሥራ መልስ ጎራ ብሎ የእናቱን ምርቃት፣ የሟች ወንድሙን ሳቅ ያደምጣል። የይለፍ ቃሉ "ቤቶች!" ብቻ ነበር።

ውሎ አድሮ አድማጩ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ለካ ሁሉም ቀድቶ ጨርሷል! ያን ጊዜ የደመና ቤቱ የበላይ፣ አፈ ደመና ከልካይ፣ ነገሩ ሸተታቸው። በገዛ እጃቸው መመሪያ ጻፉ፦ "ማንም ሰው በቤቱ ድምፅ እንዳያስቀምጥ። ያስቀመጠ፣ ቅሉ ይታጠባል።" ወታደሮችም ወረዱ። ከእማዋይሽ ማገር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቅል አወረዱ። ማእድ ቤት ያለውን ጠማማ ቅል ጨው መስሏቸው ተዉት። ጋሽ ቢተው ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው መከልከሉን ስላልሰሙ ወታደሮቹ ብልሃቱን የሚያደንቁ መሰላቸውና "ይቺ ምን አላት! ወንዝ ማዶ አስካለች ዘንድም አለ እኮ!" ብለው በኩራት ጠቆሟቸው። ሦስቱም መንቶች ባንድ ቀን ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቢተው እማዋይሽን ባዩ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ምድር ምድሩን ያያሉ።

ችሎቱ በደመና ቤት አደባባይ ቆመ። ከአፈ ደመናው ወንበር ጎን የእጥበቱ ገንዳ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ቅሎቹ በዙሪያው ተደርድረዋል፤ ሦስቱ የዳምጤ ቅሎች ከፊት ናቸው። የእጥበት አለቃው እጅጌውን ጠቅልሎ ፍርዱን ይጠብቃል። እማዋይሽ ዓይኗ ከሦስቱ ቅሎች አልተነሳም። ሌላው ሁሉ ቢታጠብ ትችለዋለች፤ ያቺ ጥያቄ ከታጠበች ግን ዳምጤ ሁለተኛ መሞቱ ነው።

"አንቺ ሴት፣ በቤትሽ ድምፅ አስቀምጠሻል?" አሉ አፈ ደመና ከልካይ።

አስቀምጠሻል ሲሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመለሰችው መልስ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። "አላስቀመጥኩም። ሰቅያለሁ።"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ቅል ተገኝቶብሽ?"

"ተገኝቷል ጌታዬ። ግን አንዱም አልተቀመጠም። ወታደሩን ይጠይቁልኝ።"

ወታደሩ ተጠየቀ። "ከማገር ላይ አወረድናቸው" አለ።

"አወረድናቸው ነው ያለው፤ አነሳናቸው አላለም" አለች እማዋይሽ። "የእርስዎ መመሪያ አታስቀምጡ ይላል፤ አላስቀመጥኩም። የንጉሡ አዋጅ ሁሉም ድምፁን ይስቀል ይላል፤ ሰቀልኩ። እንዲያውም መንደሩ ውስጥ ከኔ በላይ የሰቀለ የለም።"

ሕዝቡ ሳቀ። አፈ ደመና ከልካይ ፊታቸው ቀላ። "አዋጁ ደመና ቤት ይስቀል ነው የሚለው!"

"ደመና ቤት ሲል አልሰማሁም።"

"ይላል!"

"እንግዲያው ይሰማ።"

አንደኛ ቁጥር የተጻፈበት የአዋጁ ቅል በሐር ተጠቅልሎ መጣ። ሁሉም ቆመ። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ የቅቤው አዝማሪ ዘፈነ፤ በንጉሥ ቅል ላይ ይበቃኛል ስለማይባል እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ሰሙ ተነሳ። ዝም። አፈ ደመናው ጆሯቸውን አስጠጉ። ውስጡ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ ጠብ ስትል ብቻ ተሰማ።

የእጥበት አለቃው ደረቱን ነፍቶ ወደፊት ወጣ። "ዓመት ሙሉ አልተደመጠም ነበር ጌታዬ። ደንቡ ለማንም አያዳላምና በሐምሌ መባቻ አጥቤዋለሁ።"

የደመና ቤቱ አዳራሽ፣ የአጋፋሪው በር፣ የአፈ ደመናው ወንበር ሳይቀር የቆመው በዚያ አዋጅ ነበር። አዋጁ ከሌለ ሹመቱ የለም፤ ሹመቱ ከሌለ እኚያ ሰውዬ የተሸለመ ካባ የለበሱ ተራ ሰው ናቸው። ይህን ከሁሉ ቀድመው የተረዱት እሳቸው ናቸው፤ ከወንበሩ መሐል ወደ ጫፉ መጡ።

"እኔ ዘንድ አለ" አለች እማዋይሽ ቀስ ብላ።

"ምኑ?"

"አዋጁ። የተነገረ ዕለት ቅሌ ተከፍቶ ነበር። ማእድ ቤት፣ ከጨው ቅሉ አጠገብ ተሰቅሏል። አስቀድሞ ግን ትንሽ ውል አለችኝ።" ካጠገቧ ካለው ጸሐፊ ወረቀት ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። "አንደኛ፣ ቅሉን ያስመጣ ሰው ከውስጡ የሚሰማውን ሁሉ..."

"ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ!" አሉ አፈ ደመና ከልካይ፣ እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያው መስመር ላይ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ ወረቀቱንም አጣጠፈችው። ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ፈረሰኛ ወርዶ ጠማማውን ቅል አመጣ። ሰሙ ተነሳ። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ እንደ ጥንቱ አስተጋባ፦ "ቤት ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላል፣ ልጅ ይሰብራል፤ ስለዚህ ሁሉም ድምፁን ይስቀል!" አፈ ደመናው እፎይ ብለው ሰሙን እንዲመልሱ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ከቅሉ ውስጥ ሌላ የወንድ ድምፅ ወጣ።

"አንቺ እማዋ፣ የት ነው የምንሰቅለው?"

የሴት ድምፅ መለሰ፤ የወጣትነት ሳቅ ያለበት የራሷ ድምፅ። "እዚሁ፣ ባርኔጣህ አጠገብ ነዋ!"

ከዚያ ሁለቱም ሲስቁ ተሰማ፤ ቅሉም ዝም አለ። እማዋይሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ዕለት ቅሉ ሳይደፈን እንዲህ መባባላቸውን ፈጽማ ረስታው ነበር። ብዙ ነገር አስባ ተዘጋጅታ ነበር፣ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም፤ እዚያው አደባባዩ መሐል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጸሐፊው ግን ብዕሩን አላቆመም። "በአዋጁ ቅል የገባ ድምፅ ሁሉ አዋጅ ነው" እያለ ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበ። "ሁሉም ድምፁን ይስቀል። የት? እዚሁ፣ ባርኔጣህ አጠገብ ነዋ።"

"ነዋንም ጻፍከው?" አሉ አፈ ደመና ከልካይ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

"ነዋም አዋጅ ነው ጌታዬ። ሳቁም አዋጅ ነው።"

አፈ ደመናው ቅሉን አዩት፣ ገንዳውን አዩት፣ ወንበራቸውን አዩት። አዋጁን ከካዱ ወንበሩ ይሄዳል፤ ካመኑ ቅሎቹ ይሄዳሉ። ወንበሩን መረጡ። ገንዳው ተደፋ። የእጥበት አለቃው እጅጌውን እያዘነ ፈታ። አዋጁ ሲደመጥ ሕዝቡ መጨረሻው ላይ መሳቅ ስለነበረበት ሁሉም ሳቀ፤ ያልመጣለት ደግሞ ጋሽ ቢተውን አየ፣ ምክንያቱም ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው እስክስታ ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የባርኔጣ ሚስማር የሌለው ቤት የለም፤ ባርኔጣ የሌለውም ለሕጉ ሲል አንዱን ገዝቶ ይሰቅላል። ደመና ቤትም አልፈረሰም፤ ወንዝ ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው ሦስተኛ መንታውን እዚያ ያኖራል፤ ቅቤውም እስከ ዛሬ ይዘፈናል።

እማዋይሽ ከችሎቱ በወረደች ማግስት ማለዳ ከሦስቱ አንዱን ቅል ምሰሶው ላይ፣ ከተሰቀለው ባርኔጣ አጠገብ አንጠለጠለች። ባርኔጣው ዳምጤ ከሄደ ጀምሮ ከዚያ ሚስማር ወርዶ አያውቅም። ሰሙን አነሳች።

"አንቺ እማዋ፣ ባርኔጣዬን የት ነው ያስቀመጥሽው?"

ያኔ ተናዳ ያልመለሰችለትን መልስ መለሰችለት። "አላስቀመጥኩትም የኔ ጌታ፤ ሰቅዬዋለሁ። ቀና በል።" ካለች በኋላ እሷው ራሷ ቀና አለች።

እናንተም ተረቴን መልሱ አልላችሁም። እዚያው እናንተ ዘንድ ትሰቀል፤ እኔ ሌላ መንታ አለኝ።